የኦርጋኑ ማቆሚያ

እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ኣፅብሃ? ዝናቡ ጣውላዎን አላረጠበብዎትም? ዘንድሮ ነሐሴ ሰፈራችንን ኦሎምፒያን ሐይቅ ሊያደርጋት ነው መሰለኝ። አይነሱ፣ አይነሱ፤ እኔ እዚችው ግንድ ላይ እቀመጣለሁ።

የመጣሁት ማቆሚያ ላሠራ ነው። ቀበሌያችን ለኪነት ቡድኑ ኦርጋን ገዛ፤ ማቆሚያ ግን የለውም። እሁድ ለበዓሉ አዳራሽ ውስጥ መቆም አለበት። አኮርዲዮኔ? እሱማ እንዲያርፍ ተወሰነ። አሥራ አራት ዓመት ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ... ደክሞት ይሆናል።

ኦርጋኑን የመረጠው ተጫዋቹ ራሱ ነው። እዚያ በሩ ላይ ቆሞ የሚያፏጨውን ጎረምሳ ማለቴ አይደለም። እሱ አብሮኝ የመጣው ለማቆሚያው ልክ ቁመቱ እንዲለካ ብቻ ነው። እኔ የማወራዎት ስለ ሌላ ሰው ነው።

ፒያሳ ሱቁ ውስጥ ሁለት ኦርጋን ነበር። አንደኛው ሰው ካልነካው ድምፅ የለውም። ሁለተኛው አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ከበሮውንም ባሱንም ብቻውን ይመታል። የትኛውን መረጠ ይመስልዎታል? አስተዋይ ነው እኮ። ጣቱን በከንቱ ለምን ያድክም? ታንጎ የሚል ቁልፍ አለው፣ ዋልዝ የሚል አለው... የእኛው ምት፣ ችክችካ ብቻ የለውም። ታዲያ ምን ቸገረው? ዓርብ በልምምዱ ላይ የሰልፉን መዝሙር በታንጎ አስጀመረልን። የቀበሌው ሊቀመንበር ወገባቸውን ሊነቀንቁ ትንሽ ነው የቀራቸው። በጣም ወደዱት። አጎቱ መሆናቸው ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ትሕትናውስ። መዝሙሩ መሃል ላይ አንድ እጁን አንስቶ ለአጎቱ ሰላምታ ሰጠ፤ ኦርጋኑ ቀጠለ። በሌላኛው መሐረብ አውጥቶ ላቡን ጠረገ፤ ኦርጋኑ ቀጠለ። ከምኑ እንዳላበው አልጠየቅሁም። እኔ እንዲህ ያለ ጥበብ መቼ አየሁ? እኔ እጄን ካነሳሁ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ከዚያ መብራት ጠፋ... ኦርጋኑም አብሮ። ዘፋኟ ምንትዋብ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ ዞር ብላ አየችኝ። አኮርዲዮኑን አነሳሁና መዝሙሩን ጨረስነው። እሱ ምን አደረገ? አጨበጨበ። በሁለቱም እጁ። እጅ እንዳለው በደንብ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሊቀመንበሩ በዚያው ጨለማ ውስጥ ሆነው «ገብረየስ፣ ጊዜው የኦርጋን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በሉ፣ ሜትርዎን ያውጡ። ቆሞ ነው ቁጭ ብሎ የሚጫወተው? እኔ እንጃ፣ ሲጫወት አላየሁትም። ብቻ አራቱም እግር ጠንካራ ይሁን። ለኦርጋኑ ነው የምልዎ... ለተጫዋቹማ ከተሠራለት ቆይቷል።

እኔ አልተቀየምኩም። እሁድ ከታች ከሕዝቡ ጋር እቀመጣለሁ። ምንትዋብ «ለማንኛውም አኮርዲዮንህን ይዘህ ና» አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። በሰው ቀን ለምን ጣልቃ እገባለሁ? እንዲያውም ልመርቀው፤ እርስዎም አሜን ይበሉ። አንተም በሩ ላይ ያለኸው፣ ፉጨቱን ተወውና አሜን በል። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ማቆሚያ አያሳጣው። በሄደበት ሁሉ... መብራት አይጥፋበት።