ተሰብስቦ መብላትና የቤቲ አሳማዎች

የሳን ሆዜዋ ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን አሳማዎችን በስማቸው እንኳ አይጠሩም፤ «እነዚያ» ነው የሚሏቸው። ልጄ ቤቲ ደግሞ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክቷ ጡት የጣሉ የአሳማ ግልገሎችን በትምህርት ቤቱ እርሻ በሁለት በረት ታሳድጋለች፤ በአንዱ ጥቂት፣ በሌላው ብዙ አድርጋ። የቶቹ የበለጠ እንደሚያድጉ ለማየት ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ፣ «ምን ጥያቄ አለው? ብዙዎቹ ናቸዋ! ልጅ እንኳ ምግብ የሚጥመው ተሰብስቦ ሲበላ ነው» ብለው ፈረዱ።

ግልገሎቹ የተመዘኑ ቀን ከእትዬ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቲን ልንወስዳት ወደ እርሻው ጎራ አልን። እትዬ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ከመኪና አልወርድም አሉ። ቤቲ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «ኖ፣ እትዬ! ዘ ስሞል ግሩፕ!» አለቻቸው። ያደጉት ጥቂቶቹ ናቸው። ምግቡ ለሁሉም ይበቃል፤ ግን ብዙዎቹ ገንዳው ላይ ሲጋፉ ደካሞቹ ሳይጠግቡ ይቀራሉ።

እትዬ አላመኑም። ወርደው አጥሩ ድረስ ሄዱ። አንዱ ጎረምሳ አሳማ ትንሹን በትከሻው ገፍትሮ ከገንዳው ሲያባርረው አዩ። ነጠላው ከአፍንጫቸው ወረደ።

«አንተ ስግብግብ! ወንድምህን አጉርሰው እንጂ!» ብለው ጮኹበት።

ሁሌ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጄ ደንግጣ፣ «እትዬ፣ እጅ እኮ የለውም!» አለቻቸው።