የዘሃራ ቦታ

ደርግን ሸሽተን ሱዳን በከረምንበት ዘመን ነው። ከገዳሪፍ ገበያ ወደ ካምፑ በሚመለስ፣ ቦክስ በሚሉት ኋላው ክፍት መኪና ተጭነናል። አንዲት እናት የልጇን አስተማሪ አጠገቧ አገኘችው።

«መምህር፣ ትርንጎን በንባብ ጥለዋታል አሉኝ።»

«አልጣልኳትም፣ እታለም። አንብቢና የገባሽን ንገሪኝ አልኳት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች አነበበች፤ ታሪኩ ስለ ምንድን ነው ስላት ግን እንደገና ከፊደሉ ጀመረች።»

«ዐይኗን ሳያማት አይቀርም። እቤትም የተጻፈ ነገር ስሰጣት ትዘቀዝቀዋለች።»

«ዐይኗስ ደህና ነው። መጽሐፉ ለሁለት ልጅ አንድ ነው፤ መሀል አስቀምጠው ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት። ቀጥ ብሎ የሚታየው ለጓደኛዋ ለዘሃራ ነበር። ትርንጎ ከማዶ ሆና ተዘቅዝቆ ለመደችው።»

«ወይ ልጄን!»

«ኋላ ገባኝና ዘቅዝቄ ሰጠኋት። ሳትደናቀፍ አንብባ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ፣ ሁሉንም ነገረችኝ።»

«እንግዲያ ወደ ዘሃራ ቦታ ትዙርና በደንቡ ታንብብ። ባዶ አይደል?»

«ዙሪ ብያት ነበር።»

«ምን አለችዎ?»

«‹ዘሃራ ስትመጣ የት ትቀመጣለች?› አለችኝ። ምነው እታለም፣ ልጅቱን ኩፍኝ እንደገደላት አልነገራችኋትም?»

እናትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች።

«ከኔው ጋር ቀብራት የለም ወይ፣ መምህር። በገዛ እጇ አፈር አልብሳታለች።»

አጠገቤ የነበረው ሰው መንገድ ላይ ሲወርድ፣ ባዶው ቦታ ላይ እጄን አኑሬ ካምፑ እስክንደርስ አላነሳሁም።