የእባቡ መብራት

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። በፌርፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ስሄድ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴትዮና የቤታቸው ተከራይ የሆነ ወጣት በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ።

«እትዬ፣ የእባቡን መብራት ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ! እባብ ቤቴ አስገብተህ ደግሞ ትቆጣኛለህ?»

«ኖርዝ ሆሊውድ የማጸዳው አፓርትመንት ውስጥ የለቀቁት ሰዎች ቆልፈውበት ሄደው እኮ ነው ያገኘሁት! ሲገዙት ጌጥ ነበር፤ ሙቭ ሲያደርጉ ቆሻሻ ሆነ። ውሃ እንኳ አላስቀመጡለትም!»

«እነሱ ክፉ ከሆኑ እኔ ምን ዕዳ አለብኝ? እባብ አይደለም እንዴ? ይሙታ!»

«መርዝ የለውም አልኩዎት እኮ! መብራቱ ከጠፋ ይበርደዋል፣ ከበረደው ደግሞ የበላው አይፈጭለትም።»

«አይበርደውም። ጋቢዬን ጣል አድርጌበታለሁ።»

«ጋቢ?»

«ጥቅልል ብሎ ሳየው አሳዘነኝ፣ ምን ላድርግ!»

«እትዬ፣ እባብ የራሱ ሙቀት የለውም! ጋቢ ምን ያደርግለታል?»

«ታዲያ ይሄንን ቀድመህ አትነግረኝም ነበር፣ አንተ ደንቆሮ? ተነስ፣ ቶሎ እንመለስ!»

የአውቶቡሱን ማቆሚያ ገመድ እኔ ሳብኩላቸው።