የካምባው ወፍጮ ሞተር

በ1973 ዓ.ም. የግንቦት ዝናብ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ጽጌሬዳ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ ስትወርድ ከጋሽ ኦይታ ጋራዥ የሞተር ድምፅ ሰማችና መንገዷን ለወጠች። የሞያ ትምህርቷን ጨርሳ በቅርቡ የተመለሰች ወጣት ናት። አባቷ «ሴት ልጅንና ብረትን ምን አገናኛቸው?» ሲሉ፣ «እጇ ብልህ ነው፣ ተዋት» ብለው ለትምህርት ያስላኳት እኚሁ ሽማግሌ መካኒክ ጋሽ ኦይታ ነበሩ።

ከበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠራቻቸው፤ አልመለሱላትም። ትከሻቸውን ስትነካቸው ዞር አሉና ሞተሩን አጠፉ።

«መጣሽልኝ ልጄ? ይህ ለካምባ ወፍጮ ነው። ከሁለት ሙት ሞተር አንድ ሕያው አወጣሁ። በሳጥን የታሸገ አዲስ ይምጣ ወይስ የእኔ ይተከል የሚለውን የገበሬዎች ማኅበሩ ኮሚቴ ነገ ይወስናል። መካኒኩ ያለው ይሁን ብለውኛል።»

«አዲሱ አይሻልም፣ ጋሼ?»

«ማን እንደሠራው የማላውቀው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የራሴ ሲታመም የት እንደሚያመው አውቃለሁ።»

«የሚያሳስበኝም እሱ ነው፤ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። የፋብሪካው ዕቃ ሁሉ ልኩ የተጻፈ ነው፤ ቢሰበር በቁጥሩ ታዝዞ ይመጣል፣ ሌላ ሰውም ይጠግነዋል። ወፍጮው ከቆመ ወዲህ የካምባ ሴቶች እህል ተሸክመው ግማሽ ቀን ሲጓዙ ሦስት ወራቸው። ዳግም ቢቆምባቸውስ?»

ሽማግሌ በቃል ሲረታ ወደ ሥራው ይሸሻል። ጋሽ ኦይታም ሞተሩን አስነሡ፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። አርባ ዓመት ሞተር የመረመሩት እንዲህ ነው።

«ስሚው። ምንም አያንኳኳም።»

ጽጌሬዳ ግን ገና ከመንገዱ ሰምታዋለች፤ ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ቋ፣ ቋ ይላል። እውነቱን ብትደብቅ የካምባን ሴቶች ትበድላለች፤ ብትናገር እኚህን ሰው ታሳዝናለች። ሞተሩን አጥፍታ እጃቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ ቅድም ከበር ሁለቴ ጠርቼዎት ነበር።»

ጋሽ ኦይታ ጆሯቸው ላይ የነበረውን ካቻቢቴ አተኩረው አዩት።

«ያንኳኳል?»

«ያንኳኳል።»

«እንግዲያ ለእኔ ምን ቀረኝ?»

«ሳጥኑ ራሱን አይተክልም። ሞተሩና ወፍጮው ልክ ካልተሰለፉ አዲሱም አይከርምም። ያን የሚያውቀው የእርስዎ እጅ ነው። ጆሮ ደግሞ እኔ እሆንዎታለሁ።»

በማግስቱ ጋሽ ኦይታ ኮሚቴው ፊት ቆሙ። «ጆሮዬ ደክሟል፤ ሳጥኑ ይምጣ» አሉ። ይህን ማለት ከአርባ ዓመት ሥራ የበለጠ ጉልበት ጠይቋቸዋል።

ጥቅምት ላይ አዲሱ ሞተር ተተክሎ ወፍጮው ሥራ ጀመረ። የካምባ ሴቶች በደጃቸው አስፈጭተው በጊዜ ቤታቸው ገቡ፤ ሁለት የአገሩ ልጆችም ጥገናውን ከመመሪያው ተማሩ። ጋሽ ኦይታ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ጽጌሬዳን አዩዋት።

«እህስ?»

«አያንኳኳም፣ ጋሼ።»

«እጄም እንደዚያ ነው የሚለኝ» አሉ።