ተመላሹ ሥዕል

ሄሎ... ሄሎ? ማን ልበል?... ኤርምያስ! የትኛው ኤርምያስ? የጨረታው?... እሺ፣ እሺ፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ኤርምያስ። ይቅርታ፣ ማዕረግህን ዘልዬብህ ነው።

ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን... አይ፣ «እጅግዬ» አትበለኝ። እጅግዬ የምሆነው ሥዕል ስትፈልጉ ነው። ሌላ ጊዜ «ያቺ ሠዓሊዋ» ነኝ።

ቆይ አንዴ፣ ስፒከር ላይ ላድርግህ፣ እጄ ቀለም ነው... አዎ፣ እየሠራሁ ነው። ጎረቤቴን እትዬ ውብዳርን እየሳልኳቸው... — እትዬ ውብዳር፣ አንገትዎን አያዙሩብኝ እንጂ! በጆሮዎ ይስሙት፣ በአፍንጫዎ አይከተሉት። — ሰላም ይሉሃል።

በል ንገረኝ... ባዩ? የአኮርዲዮኑ ባዩ?... ምን ሆነ?... እንዴ! መኪናውን ሰብረው? የት?... እዚሁ ኦክላንድ፣ ሐይቁ ጋ። አኮርዲዮኑን ወሰዱት?... አንተ፣ መስታወቱን ተወው፣ መስታወት ይተካል! ያ አኮርዲዮን እኮ በሱዳን በኩል ሲወጣ በጀርባው አዝሎት የመጣ ነው። እዚህ አገር ባዩ ሳይጫወትለት የተዳረ ሰው አለ?... አሁን ቤቱ ተቀምጦ ጣቶቹ ብቻ ጉልበቱ ላይ ይሄዳሉ?... በቃ፣ በቃ፣ አትንገረኝ።

እና ኮሚቴው ምን አሰበ?... አዲስ አኮርዲዮን ልትገዙለት። ጎሽ። በምን?... ሃ! አውቄዋለሁ። ጨረታ። ቅዳሜ፣ ሳን ሆዜ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ክትፎ አለ፣ አንተ ማይክ ጨብጠህ። ከኔ ደግሞ ሥዕል።

ስማኝ ኤርምያስ። ትሰማኛለህ?... የሰጠኋችሁ ሥዕል የት ነው?... «ተሸጠ» አትበለኝ፣ የት ነው ያለው? የማን ግድግዳ ላይ?... አታውቅም። እኔ ልንገርህ። የአዳራሹ እቃ ቤት ውስጥ፣ ከተጣጣፊ ወንበሮቹ ኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፣ እንደተቀጣ ተማሪ። መጥረጊያ ፍለጋ ገብቼ ነው ያየሁት።

ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሸጣችሁት። ለእግር ኳስ ቡድኑ ማሊያ ሸጣችሁት። ለዚያ ሰውዬ መጽሐፍ ማሳተሚያም ሸጣችሁት። ሁሌ ያው ነው! አንዱ ጎበዝ ይጫረታል፣ ያሸንፋል፣ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ደረቱን ነፍቶ «ለድጋሚ ጨረታ መልሻለሁ!» ይላል። እልልታ። እንደገና ትሸጡታላችሁ። ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ሥዕሉ እቃ ቤት ይገባል።

ለጋስነት?... ለጋስነቱን ለሌላ ንገር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ያን ሥዕል ያሸነፈ ስንት ሰው አለ፣ ሚስማር የመታለት ግን አንድ የለም። መመለሱ እኮ ደግነት አይደለም፤ ቤታቸው ስለማይፈልጉት ነው! ግድግዳውን ቴሌቪዥን ሞልቶታል፣ ከዚህ እስከዚያ... እንዴት እመጣለሁ? የራሴ ሥዕል ሲመለስ እያየሁ ላጨብጭብ?

እ?... ሥዕሉ «ትንሽ ይከብዳል»? ማነው ያለው?... ሰው ባርት ባቡር ላይ ሲተኛ ምኑ ይከብዳል! ሰርግ ሲያጫውት አምሽቶ፣ አኮርዲዮኑን ታቅፎ፣ አገጩን እላዩ ላይ ጥሎ... አዎ፣ ባዩ ነዋ! ያኔ መኪና አልነበረውም... አላወቅክም? ስትሸጠው የኖርከው ማንን መስሎህ ነው?... «ሻንጣ የያዘ ሽማግሌ»? ሻንጣ! — ሰሙልኝ እትዬ ውብዳር? ሻንጣ መስሎት ነው! — ማይኩን የምትይዘው ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ?

አዎ፣ አዎ፣ ዋልያና የፋሲል ግንብ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። እዚሁ ቅርባችን ኒውአርክ፣ መጋዘኖቹ ጋ ሂድ፣ ማተሚያ ቤት አለ፣ ዋልያ በሜትር ይቆርጡልሃል።

ቆይ... ቆይ አንድ ጊዜ። እትዬ ውብዳር አንድ ነገር እያሉ ነው። — ምን አሉ?... የመጨረሻው ጨረታ ላይ ነበሩ? ማን አጠገብ?... ባዩ አጠገብ?... 

ኤርምያስ። ትሰማቸዋለህ?... ያን ቀን ሥዕሉን ያሸነፈው ባዩ ነው?... ለምን አልነገርከኝም? እሱም እኮ ትንፍሽ አላለኝም... «እሱም መለሰው»። ቆይ። — እስኪ ይድገሙልኝ፣ እትዬ... ብርድ ልብስ? የምን ብርድ ልብስ?... ሥዕሉን ሊጠቀልልበት። ከቤቱ ይዞ መጥቶ፣ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጎት... እሺ... አሸነፈ። ተነሣ። ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ መድረኩ መሄድ ጀመረ...

ከዚያ አንተ ምን አልክ፣ ኤርምያስ?... አይ፣ እትዬ ውብዳር አይናገሩለት። አንተ ንገረኝ፣ ማይኩ ያንተ እጅ ላይ ነበር... «ባዩም መለሰ!» አልክ። አፉን ሳይከፍት። ሳትጠይቀው። ሕዝቡም አጨበጨበ። — እሱስ ምን አደረገ እትዬ?... ሳቀ። እጅ ነሣና ተመልሶ ተቀመጠ። ብርድ ልብሱን ወንበሩ ሥር ከተተው...

ቆይ፣ ብሩሼን ላስቀምጥ።

አፍህ አምልጦህ ነው? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራስህን እንኳ መስታወት ይነግርሃል፤ አፍህን ማን ይንገርህ?... አትሳቅ። እየቀለድኩ አይደለም። አንድ ሰው ኤርምያስ! በዚህ ሁሉ ዓመት ሥዕሌን ቤቱ ሊሰቅል የመጣ አንድ ሰው ተገኘ፣ እሱንም በጭብጨባ አስቀመጥክብኝ። እኔ ደግሞ ማንም አይፈልገውም ብዬ አንጀቴ አርሮ ተቀምጫለሁ። አሁን ያ አኮርዲዮን የቀረው ሥዕሉ ላይ ነው። እሱም ከወንበር ኋላ!

ስማኝ። ዛሬውኑ እቃ ቤቱን አስከፍት... የምን ሚቲንግ? ኮሚቴ ሳትጠራ ሸጠኸው የለ፣ ኮሚቴ ሳትጠራ አውጣው። በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለህ። አዎ፣ ከገዛ አልጋህ ላይ ገፍፈህ። ሳን ፓብሎ፣ ባዩ ቤት ትወስድለትና ራስህ ትሰቅልለታለህ። ፎቶ የለም፣ ፌስቡክ የለም። ስጦታ ነው ብለህም እንዳታስከፋው፤ ያሸነፈውን ነው የምታደርስለት።

ቅዳሜማ ይደረጋል እንጂ! ባዩ አኮርዲዮን ያስፈልገዋል፣ በናንተ ተናድጄ እሱን አልጎዳም። የእትዬ ውብዳርን ሥዕል እጨርስና እልካለሁ። ግን ገና ሲጀመር «መመለስ የለም፣ ያሸነፈ ይዞ ይሄዳል» ብለህ ትናገራለህ... ሄሎ?... ምን አልክ?... እስኪ ድገመው... መመለስ ካልተፈቀደ ማንም አይጫረትም። — እትዬ ውብዳር፣ ይሄን እንዳልሰሙ ይሁኑ። — አመሰግናለሁ ኤርምያስ። ዛሬ ገና እውነት ተናገርክ።

እንግዲያው ሌላ እልክልሃለሁ። ትልቅ ነው፣ ፍሬሙም ጥሩ እንጨት ነው። በወረቀት ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ። «የሠዓሊ እጅጋየሁ አዲስ ሥራ፣ አሸናፊው ቤቱ ወስዶ የሚፈታው» በል... ምን ሥዕል ነው?... ምንም። ባዶ ፍሬም ነው።

ማታለል? ማንን?... የሚገዙት ጭብጨባውን ነው፤ ጭብጨባው ደግሞ አይጎድልባቸውም። እየነገርኩህ፣ የመጀመሪያው ይመልሳል፣ ሁለተኛውም ይመልሳል፣ ለባዩ አኮርዲዮኑም ማስቀመጫውም ይገዛለታል። ማንም ገመዱን አይነካውም።

እ?... ቢፈታውስ?...

ከፈታውማ...

ከፈታውማ ሰውየውን ያዝልኝ። ስልኬን ስጠው። ኦክላንድ ይምጣና ከግድግዳዬ የወደደውን መርጦ ያውርድ። መኪናው ድረስ እኔ እሸከምለታለሁ፣ ብርድ ልብሱም ከኔ... አዎ፣ ሴትም ብትሆን፣ ማንም ይሁን። ብቻ የፈታ ሰው።

በል ሂድ አሁን፣ እቃ ቤቱ ሳይዘጋ... ኤርምያስ! መዶሻ እንዳትረሳ።