በበርዎ ላይ የለጠፍኩት ውጤት

ጋሽ ዋይሳኬ፣ ዛሬ በስንብትዎ ግብዣ ማምለጫ የለዎትም፤ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል።

እዚህ ሱቫ ከተማ፣ ሕክምና ኮሌጃችን ሊያስተምሩ የመጡ ቀን፣ ሱሉ ሽርጥዎን ተኩሰው፣ ክራቫት አስረው፣ አስከሬን ክፍሉ በር ላይ ቆመው ነበር አሉ። ዘበኛው ጸሎት ሊያደርሱ የመጡ ፓስተር መሰሉት። "ሟቹ ዘመድዎ ናቸው?" ቢልዎት፣ "ኧረ ገና አልተዋወቅንም" አሉት።

ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲተዋወቁ ኖሩ። ማስቲካ እያኘከ የገባ ተማሪ "ሰው ቤት ገብተህ ታላምጣለህ?" ይባላል። እኔ ደግሞ ትይዩ ክፍል ውስጥ የሰውን አካል በስክሪን አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት አንገትዎን ብቅ አድርገው፣ "ሾብና፣ ቴሌቪዥንሽ ዛሬ ልብ የሚያሳየው በስንት ሰዓት ነው?" ይሉኛል። "የእኔ ልብ ቢያንስ አይሸትም" እላለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ተጎሻሸምን።

ከዚያ የሁለታችንን አስተማመር ማወዳደር መጣ። ግማሹ ተማሪ እርስዎ ዘንድ በአስከሬን፣ ግማሹ እኔ ዘንድ በስክሪን ተማረ። ፈተናው ላይ የእኔዎቹ በአራት ነጥብ በለጡ። እኔም አላፍር፣ ውጤቱን አትሜ በርዎ ላይ ለጠፍኩት። አነበቡና "ጎበዝ" ብለው ገቡ። ኮሌጁ ያንኑ ወረቀት ይዞ ክፍልዎን ሊዘጋ ወሰነ።

ባለፈው ወር ተማሪዎቹን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ታመው ተኝተዋል። የእኔ ተማሪ የራስ ቅልን አጥንት አንድ በአንድ በስም ያውቃል፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጭንቅላታቸውን ያዘ። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የእርስዎ ተማሪ ጎንበስ ብላ፣ "ቲሎ — ይቅርታዎን — እማማ፣ ራስዎን ልንካ?" አለች። ቀስ ብለው ተመለሱላት። እኛ አገር የሰው ራስ ሳይፈቀድ እንደማይነካ ማን ያጣዋል? እርስዎ ግን ሟቹንም ሳያስፈቅዱ ነክተው አያውቁም፤ እኔ በበርዎ መስታወት እያየሁ እስቅብዎት ነበር። ያንን በፈተናው አልለካሁትም።

ለዲኑ ሄጄ ነገርኩት። "ሾብና፣ ጊዜው አልፏል" አለኝ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሸነፍኩ ብዬ ብቻዬን ቀረሁ። ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ኮሪደር የሚተርበኝ ሰው የለም።

በሉ ወዳጆች፣ የያንጎና መጠጥ ጽዋችሁን አንሱ። ጋሽ ዋይሳኬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ መንደርዎ ሲገቡ ዓሣ ከመረብዎ፣ የልጅ ልጅ ከደጅዎ አይጥፋ። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ። ስልኩን ብቻ ያንሱልኝ፤ ቢሰድቡኝም ግድ የለኝም።