«እባክዎ ይጠብቁ» ያለውን የግጦሽ ቅጽ ስለመክፈቴ

ቃል ሰጪ፦ ወ/ሮ ዝላትካ ቡኖቫ፣ ዕድሜ 51፣ የመንደሩ ንባብ ቤት ኃላፊ
አድራሻ፦ ጎርና ሊፓ መንደር፣ ሮዶፒ፣ ቡልጋሪያ
ቀን፦ ማርች 14 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ካሜን ድሬኖቭ

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ጻንኮቭ የመንግሥት ፋይል ሰብራ ከፍታለች፣ ሐሰተኛ ሰነድም አቅርባለች ሲሉ ስለከሰሱኝ የማውቀውን እገልጻለሁ። ፋይሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አልክድም።

ማርች 10 ቀን የጋራ ግጦሽ ማመልከቻ የሚዘጋበት ዕለት ነበር። ፍየል አርቢው ጋሽ ራንጌል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ንባብ ቤት መጥተው ቅጹን እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። ካላስገቡ ግጦሹ ለሌላ ይሰጣል፣ ፍየሎቻቸውም ይሸጣሉ። የእኛ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ያወጣውን የቅጹን ፒዲኤፍ ኦኩላር በሚባለው ማንበቢያ ፕሮግራም ስከፍተው «እባክዎ ይጠብቁ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አላሳየም። ኢንተርኔቱ ዘግይቶ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ጋሽ ራንጌል ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እዚያው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። እንዲነሱ ብለምናቸው፣

«ጠብቁ ብለዋል እኮ ልጄ፣ ብነሳ ተራዬ ያልፋል» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ኢቪንስ በሚባል ሌላ ማንበቢያም ሞከርኩ፣ ያው ነው። አቶ ጻንኮቭ ዘንድ ብደውል «እንደ ሰው ዊንዶውስ ግዢ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ከጋሽ ራንጌል ሌላ ያለው አመልካች የጸሐፊው የአቶ ጻንኮቭ ሚስት ወንድም ብቻ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

በመጨረሻ ፋይሉን በኢንተርኔት ማሰሻው በፋየርፎክስ ከፈትኩት፤ ማንም ዜና የሚያነብበት ፋየርፎክስ ነው። ቅጹ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው ለካ ፕሮግራሙ ቅጹን ማሳየት ሲያቅተው የሚወጣ ጽሑፍ ነው። የሰበርኩት ነገር የለም። ሞላነው፣ አተምነው፣ ጋሽ ራንጌል በእጃቸው ፈረሙ፣ ቢሮው ሳይዘጋ አስገባን።

ትናንት አቶ ጻንኮቭ ማመልከቻው ሐሰተኛ ነው ብዬ ከፈረምኩ ክሱን እንደሚያነሱ በሰው ልከውብኛል። አልፈርምም። ክሱ ይቀጥል፣ ፍየሎቹ ሣራቸውን ይብሉ።

ቃሉ ተነብቦልኛል። ሳጅኑ «በድርጊቴ ተጸጽቻለሁ» ብለው የጨመሩትን እኔ ስላላልኩት አሰርዤዋለሁ። ቀሪው ሁሉ የእኔ ቃልና እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ዝ. ቡኖቫ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ካ. ድሬኖቭ (አንድ ዓረፍተ ነገር ተሰርዟል)